ከስም ወደ ልክ፦ በሻሸመኔና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሞተር መለዋወጫ አመራረጥ ታሪክ

የሞተር ተሽከርካሪ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. እንደ ሆነ ይታወቃል። ስለ መኪናውና ስላመጡት ሰዎች በየጊዜው ብዙ ተጽፏል። መኪናው ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚያረጁት ዕቃዎች በምን እንደሚተኩ ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም የሙያችን የዕለት ተዕለት ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለንብረቱ መኪናውን የሚመርጠው አንድ ጊዜ ሲሆን መካኒኩ ዘይት በተለወጠ፣ ካንዴላ በቆሸሸ፣ ቺንጋ በተበላ ቁጥር እንደ ገና ይመርጣል። የሞተሩም ዕድሜ ከፋብሪካ ጥራቱ ባላነሰ በዚህ ተደጋጋሚ ምርጫ ይወሰናል።

ይህ ጽሑፍ የምርጫውን ታሪክ በሻሸመኔና በአካባቢዋ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ላይ ተመሥርቶ ለመመልከት ይሞክራል። ዋና ሐሳቡ የሚከተለው ነው። ሙያችን ከውጭ የመጡትን ዕቃዎች ስም በፍጥነት ተቀብሎ የራሱ አደረገ፤ የዕቃውን ልክና ቁጥር መዝግቦ የመያዝ ልማድ ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለም። በዚህም ክፍተት በየዘመኑ ሌላ ዳኛ ገባበት፤ አስቀድሞ ዓይን፣ ቀጥሎ እጥረት፣ ከዚያም የማሸጊያው ሣጥን።

የመንገዶች መገናኛ

ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የምዕራብ አርሲ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከሰሜን በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በአርሲ ነገሌ በኩል የሚመጣው መንገድ እዚህ ደርሶ ይከፈላል። አንደኛው በሐዋሳና በዲላ አልፎ እስከ ሞያሌ ይዘልቃል፤ ሁለተኛው በሐላባ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ አርባ ምንጭ ያመራል፤ ሦስተኛው ኮፈሌንና ዶዶላን አቋርጦ ወደ ባሌ ይወጣል። ወደ ደቡብም ሆነ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከሚዘልቀው የእህል ጫኚና የሕዝብ ማመላለሻ ብዙው በዚህ ያልፋል። ጋራዦችና የመለዋወጫ መደብሮች በከተማይቱ የበዙትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ለመካኒኩ ይህ አቀማመጥ ከንግድ ጥቅሙ ሌላ የቴክኒክ ትርጉምም አለው። በሻሸመኔ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ አራት አምስተኛ ይወርዳል፤ ውኃም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ከተማይቱን ለቆ ወደ ባሌ የሚወጣ መኪና በኮፈሌ በኩል ከ2,500 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ወደ ሰሜን የሚመለሰው ደግሞ ወደ ሐይቆቹ ሜዳ ወርዶ ሙቀትና አቧራ ይቀበለዋል። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘው የሸለቆው አፈር ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ በውስጡ ያለው ቅንጣት ግን የሲሊንደርን ግድግዳ የሚፍቅ ጠንካራ ነው። ከብዙ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃም ፍሎራይድና ባይካርቦኔት የበዛበት በመሆኑ ለራዲያተርና ለአሉሚኒየም ቴስታታ የሚስማማ አይደለም። ስለዚህ ለሌላ አየርና ለሌላ ውኃ ታስቦ የተመረጠ ዕቃ በዚህ አካባቢ ጉድለቱ ቶሎ ይገለጣል።

የተወረሱ ስሞች

በአገራችን የጋራዥ ቋንቋ አብዛኛው ስም የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታና ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ዛሬ ማንም የባዕድ ናቸው ብሎ አያስባቸውም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች ለጦራቸው ስንቅ ማመላለሻ እጅግ ብዙ ከባድ መኪና አስገቡ፤ ከእነዚህም አንዱ ፊያት 634 የተባለው የናፍታ መኪና ሲሆን፣ የቁጥሩ መጨረሻ በጣሊያንኛ ተነቦ «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ በሕዝቡ አፍ ቀርቷል።

በግንቦት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሠራዊት በሐይቆቹ አካባቢ ተዋግቶ ሻሸመኔን ከያዘ በኋላ የጣሊያን ኀይል ከአካባቢው ለቀቀ። ከወራሪው የተረፈው መኪናና መሣሪያ ከፊሉ በእንግሊዞች ከአገር ወጣ፤ የቀረው ግን በኢትዮጵያውያን ሾፌሮችና መካኒኮች እጅ ሥራውን ቀጠለ። አዲስ ዕቃ ከፋብሪካው ማስመጣት በማይቻልበት በዚያ ጊዜ መለዋወጫ ማለት ከቆመው መኪና ፈትቶ ለሚሄደው መግጠም ነበር። ሁለቱም መኪናዎች አንድ ዓይነት ስለ ነበሩ ይህ አሠራር ብዙ ስሕተት አያመጣም ነበር። ካንዴላ ሲባል የትኛው ካንዴላ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ያለው አንድ ነውና። ስሙ ብቻውን ልክ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን ይህ ነው። ችግሩ የመጣው የመኪናው ዓይነት ሲበዛ፣ ስሙ ግን እንደ ነበረ ሲቀር ነው።

የሚታጠብበት ዘመን

በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1946 ዓ.ም. ከአዳማ አጠገብ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። መንገድና ኢንዱስትሪ ሲስፋፉ ቮልስዋገን፣ ፊያት 600፣ ፔዦና ላንድሮቨር በስምጥ ሸለቆው ከተሞች እየተለመዱ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ አምቼ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ኩባንያ ከፊያት ጋር በሽርክና ተቋቁሞ የጭነት መኪናዎችን በአገር ውስጥ ወደ መገጣጠም ተሸጋገረ።

የዚያን ዘመን ሞተሮች ከዛሬዎቹ የሚለይ አንድ ባሕርይ ነበራቸው፤ በየጊዜው በሚደረገው ጥገና የሚገዛው ዕቃ ጥቂት ነበር። በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ሞተር የወረቀት የዘይት ፊልትሮ አልነበረውም፤ የነበረው በሞተሩ ሥር የተቀመጠ የሽቦ ወንፊት ሲሆን ዘይት ሲለወጥ ወጥቶ በቤንዚን ይታጠባል። የአየር ማጣሪያውም እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አቧራውን በዘይት የሚይዝ ገንዳ ነበር፤ ላንድሮቨርም ተመሳሳይ ነገር ነበረው። አሮጌው ዘይት ይደፋል፤ ገንዳው ይጠረጋል፤ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ይሞላል። ራዲያተርም ስለሌለው የራዲያተር ክዳን እየገዙ መለወጥ የሚባል ነገር ለቮልስዋገን ባለቤት አያስጨንቅም ነበር።

የመካኒኩ ብልኀትም በማጠብ፣ በመለካትና በማስተካከል ላይ የቆመ ነበር። ቫልቩን በስፔሰር ይለካል፤ የካንዴላውን ክፍተት ያስተካክላል። ገዝቶ የሚተካው ዕቃ ካለም አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ የአስመጪው ሠራተኛም ናሙናውን ከካታሎግ ጋር አስተያይቶ ተመሳሳዩን ይሰጣል። ቁጥሩን የሚያውቀው መደብሩ ነው። መካኒኩ ናሙና መላክ እንጂ ቁጥር መጻፍ አልለመደም። ይህ የሥራ ክፍፍል ካታሎጉ በታማኝ እጅ እስካለ ድረስ መልካም ነበር።

የእጥረት ዓመታት

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ፣ በተለይም በ1967 ዓ.ም. ትላልቅ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ከተዛወሩ ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ዋለ፤ ለግል መኪና መለዋወጫ የሚተርፈውም አነስተኛ ሆነ። የሚገባው መኪናም ተለወጠ፤ ላዳ፣ ዋዝ፣ ዚልና ኡራል ከሶቪየት ኅብረት፣ ኢፋ ከምሥራቅ ጀርመን መጡ። በዚያ ጊዜ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ በሶቪየት ርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተሠራ። በዘመኑ ማብቂያ ላይም የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ መቋቋሙ መለዋወጫን በአገር ውስጥ ለማምረት የተደረገ ታላቅ ጥረት ነበር።

በጋራዡ በኩል ዘመኑ ሁለት ነገር አወረሰን። አንደኛው የሚያስመሰግን የእጅ ብልኀት ነው። ጓርኒሲዮን ከወፍራም ወረቀት ተቆርጦ ይሠራ ነበር፤ የተበላ ዘንግ በብየዳ ተሞልቶ በቶርኖ ቤት ይከረከም ነበር፤ የአንዱ መኪና ኩሽኔታ ለሌላው ተመጥኖ ይገባ ነበር። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ፈልጎ ማግኘትም ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ሁለተኛው ውርስ ግን ጉዳት አለው፤ ይኸውም «ከገጠመ ይሠራል» የሚለው መመዘኛ ነው። በእጥረት ጊዜ ሌላ ምርጫ ለሌለው መካኒክ ይህ ፍርድ ተገቢ ነበር፤ መኪናው ቆሞ ከሚቀር መግጠም የቻለው ዕቃ ቢሠራ ይሻላልና። ነገር ግን እጥረቱ ሲያልፍ መመዘኛው አብሮ አላለፈም። ከባለሙያ ወደ ተለማማጅ እየተላለፈ የሞላ መደብር ባለበት ጊዜም ሥራ ላይ ዋለ።

የሣጥን ዘመን

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ንግዱ ሲከፈት የጃፓን መኪናዎች፣ ከሁሉም በላይ ቶዮታ፣ የአገሪቱን መንገድ ሞሉት። ኮሮላ፣ ሃይሉክስ፣ ሃይኤስ፣ በኋላም ቪትዝ፣ ከጭነት መኪናም አይሱዙ፣ በሻሸመኔ ጋራዦች ዋና ደንበኞች ሆኑ። እነዚህ ሞተሮች የሚታጠበውን ወንፊት በሚጣል ፊልትሮ፣ የዘይቱን ገንዳ በወረቀት ማጣሪያ ተክተው የመጡ ናቸው። ከዚህም የተነሣ የጥገናው ጥራት ከመካኒኩ እጅ ወደሚገዛው ዕቃ ተሸጋገረ። ቀድሞ ገንዳውን በማጠብ የሚታወቀው ሰው አሁን የሚታወቀው በመረጠው ፊልትሮ ሆነ። የወረቀቱን ማጣሪያ እንደ ድሮው ለማጽዳት ጎሚስታ ቤት ወስዶ በአየር ግፊት ማስነፋት የተለመደው ከዚህ የሽግግር ጊዜ ነው፤ ኀይለኛ ግፊት ግን ወረቀቱን ይቀድደዋል፤ በዓይን በማይታየው ቀዳዳም የሸለቆው አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

በዚህ ዘመን ዳኛው ሣጥኑ ሆነ። በገበያው ቋንቋ ዕቃ «ኦሪጅናል» ወይም «ኮፒ» ነው፤ ሦስተኛ ወገን የለም። እውነታው ግን ቢያንስ አራት ወገን አለው። የመኪና ፋብሪካ አብዛኛውን ትንንሽ ዕቃ ራሱ አይሠራም፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ የተቋቋመው ዴንሶ ካንዴላና ሌሎች የሞተር ክፍሎች ለመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርብ ድርጅት ነው። እንግዲህ አንደኛው ወገን በመኪናው ፋብሪካ ሣጥን የመጣው ነው፤ ሁለተኛው ያው አምራች በራሱ ሣጥን የሚሸጠው ነው፤ ሦስተኛው ሌላ አምራች በራሱ ስም፣ ልኩን አስታውቆ የሚያቀርበው ነው፤ አራተኛው የሌላውን ስም ሰርቆ የተሠራ አስመሳይ ነው። ሁለተኛውን «ኮፒ» ብሎ መናቅ የደንበኛን ገንዘብ ማባከን ሲሆን፣ አራተኛውን በሣጥኑ ውበት «ኦሪጅናል» ብሎ መቀበል ሞተሩን ማጥፋት ነው።

ሕጉ በበኩሉ መሣሪያ ሰጥቶናል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሌላውን ምልክት በሐሰት መጠቀምን ለመከላከል ወጣ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ስለ ዕቃው ትክክለኛ መግለጫ የማግኘትን መብት ለሸማቹ ሰጠ። ይሁን እንጂ የዕቃው ቁጥር በደረሰኝ ላይ ካልተጻፈ ተጎጂው ምን እንደ ገዛ የሚያስረዳበት ማስረጃ አይኖረውም።

ልክ የሚፈርድባቸው ዕቃዎች

የተባለውን በተግባር ለማሳየት አራት የተለመዱ ዕቃዎችን ብቻ እንመልከት።

የዘይት ፊልትሮ፦ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ፊልትሮው የሚታሰርበት ጥርስ 3/4 ኢንች፣ ማለት 19.05 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ አለው። በብዙ የሆንዳ ሞተሮች ግን ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ለዓይን አንድ ናቸው፤ ሰፊው ፊልትሮ በጠባቡ ላይ ጥቂት ዙር ይዞ «ገጠመ» ሊያሰኝ ይችላል። ሞተሩ ሲነሣና የዘይቱ ግፊት ሲጨምር ግን የያዘው ጥርስ ጥቂት ስለሆነ ሊላቀቅ ይችላል፤ ዘይቱ በመንገድ ላይ ከፈሰሰም ሞተሩ ይነክሳል። ከጥርሱ ሌላ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው ላስቲክና ፊልትሮው ሲደፈን ዘይቱን የሚያሳልፈው ቫልቭ በውስጥ መኖራቸው ከውጭ አይታይም። የተጠረጠረውን ዓይነት አንዱን በመጋዝ ከፍቶ ማየት ከብዙ ክርክር ያድናል።

ካንዴላ፦ የብዙዎቹ ጥርስ ስፋት 14 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ሁሉም የሚተካኩ ይመስላሉ፤ የጥርሱ ርዝመት ግን በአንዳንዶቹ 12.7፣ በሌሎቹ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ ፒስቶኑን ሊመታ ይችላል፤ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ሲገባ በቴስታታው ውስጥ ባዶ የቀረው ጥርስ በካርቦን ይሞላል። ከዚህ የከፋው የሙቀት ደረጃው ቁጥር ነው። በኤን.ጂ.ኬ. እና በዴንሶ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ ይኸውም ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው ያስተላልፋል ማለት ነው። በቦሽና በቻምፒየን ግን ቁጥሩ ከፍ ሲል ሞቃት ነው። እንዲያውም የቦሽ የቀድሞ ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 145፣ 175 እና 225፣ የሚያመለክቱት በተቃራኒው ነበር። ስለዚህ በቮልስዋገን ላይ የተማረ አንጋፋ መካኒክ የያዘው ደንብ በዘመናዊው የቦሽ ሣጥን ላይ ተገልብጦ ይጠብቀዋል። አንዱን ቁጥር ወደ ሌላው የሚመልስ ሠንጠረዥ በጋራዡ ግድግዳ ላይ መኖሩ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

የራዲያተር ክዳንና ቴርሞስታት፦ ብዙ ቴርሞስታቶች የሚከፈቱት በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ነው። ክዳኑ ግፊት የሚይዝ ከሆነ ውኃው በሻሸመኔም ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑ ደካማ ከሆነ ግን በኮፈሌ ዳገት ላይ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቴርሞስታቱ በተከፈተ በጥቂት ዲግሪ ውስጥ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ በቴርሞስታቱ ተመካኝቶ ወጥቶ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በብርድ ይሠራል፤ ነዳጅ ያባክናል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅም ዘይቱን ያቀጥናል። ዋጋው ትንሽ የሆነ ክዳን በልኩ ባለመመረጡ ምክንያት በአካባቢያችን ስንት ሞተር ያለ ቴርሞስታት እንደሚሄድ የሙያ ባልደረቦች ያውቁታል።

ታይሚንግ ቤልት፦ በሃይኤስና በሃይሉክስ የሚገኙት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የናፍታ ሞተሮች ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱት በጥርሳም ቀበቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ እንዳለበት ይታዘዛል። ቀበቶው ሲበጠስ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ። መኪናው መንገደኛ የጫነ ሃይኤስ ከሆነ ሞተሩ በድንገት የሚቆመው በዳገት ወይም በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ቀበቶው መቼ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ በየትኛው ቁጥር እንደ ተለወጠ ካልተጻፈ ቀጣዩ መካኒክ የሚፈርደው በግምት ነው።

የዛሬው ግዴታ

በ2016 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ፤ ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። በእጃችን ያሉት የቤንዚንና የናፍታ ሞተሮች ቀድሞ ከታሰበላቸው ዘመን በላይ መቆየት አለባቸው፤ እነርሱን የሚያቆየው ዕቃም ተወድዷል። ዕቃ ሲወደድ አስመሳይ ይበዛል፤ «ከገጠመ ይሠራል» የሚለውም ፍርድ እንደ ገና ጉልበት ያገኛል።

ስለዚህ ከታሪኩ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ለማኅበራችን አባላት ማሳሰብ ተገቢ ይመስላል። አንደኛ፣ ዕቃ የሚመረጠው በመኪናው ስም ሳይሆን በሞተሩ ላይ በተቀረጸው መለያ ይሁን፤ ያገለገለ ሞተር ከዱባይ መጥቶ የሚገጠምበት አገር ውስጥ የአንዱ ኮሮላ ልብ የሌላው ላይሆን ይችላልና። ሁለተኛ፣ አሮጌው ዕቃ ናሙና ሆኖ ወደ መደብር ሲሄድ በካሊፐር ተለክቶ፣ ልኩ በወረቀት ተጽፎ ይሂድ፤ ናሙናው ራሱ ቀድሞ በስሕተት የተገጠመ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛ፣ የተለወጠው ዕቃ ቁጥር፣ አምራቹና ኪሎ ሜትሩ በጋራዡ መዝገብና በደንበኛው ደረሰኝ ላይ ይስፈር፤ አሮጌውም ዕቃ ለባለንብረቱ ይመለስ።

ይህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ካሊፐር፣ አንድ መዝገብና አንድ የቁጥር ሠንጠረዥ ይበቃዋል። የሚጠይቀው የልማድ ለውጥ ነው። በሻሸመኔ ጋራዦች ዛሬ ቁልፍ የሚያቀብሉት ተለማማጆች የዕቃውን ስም ሁሉ በጥቂት ወራት ያጠናሉ። ከስሙ ጎን ልኩን እንዲጽፉ ከመጀመሪያው ቀን ካስለመድናቸው፣ አባቶቻቸው በእጥረት ዘመን ያካበቱት ብልኀት በሞላው ገበያም መሪ ያገኛል።